በሦስተኛው መስመር የተጻፈው «ይውጡ»

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንደተመለከተው
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ መምህር
አድራሻ፦ የወንዝ ዳር መንገድ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ
ከሟች ጋር ያለው ዝምድና፦ ባል
ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና፦ የሥጋ ዝምድና የለውም
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጎርፉ በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው መርማሪ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው። በስፌት ቤቱ ምድር ቤት የብረት በሩ እንዲዘጋና መብራቱ እንዲጠፋ ያዘዘችው ሟች ባለቤቴ ናት። አሁን በእስር ላይ የሚገኘው በረኛ ከራሱ አመንጭቶ ያደረገው አንዳች ነገር የለም። እሷም ብትሆን ያዘዘችው ጎርፉ በደረሰበት ዕለት ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በስልክ የተላከውን የአደጋ መልእክት መስመር በመስመር ተከትላ ነው። ወደ ጣቢያው የመጣሁት ጥሪ ደርሶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ መሆኑም እንዲመዘገብልኝ ጠይቄያለሁ።

ስፌት ቤቱን ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት ስትመራው ኖራለች። የሚገኘው ከመንገዱ በደረጃ ተወርዶ በሚገባበት፣ ከመሬት በታች ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከደረጃው ግርጌ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር አለ። በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በኤሌክትሪክ ነው። መብራት በሌለ ጊዜ በእጅ ማዞሪያ ይከፈታል፤ ነገር ግን ማዞሪያው ካልተያዘ በሩ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል። የአዳራሹ መስኮቶች ጣሪያው ሥር ናቸው፤ ከውጭ ፍርግርግ አላቸው። ከአዳራሹ ቀጥሎ ጥቅል ጨርቅ የሚቀመጥበት መስኮት የሌለው ውስጠኛ ክፍል ይገኛል። ሌላ መውጫ የለም።

በምድር ቤቱ የስልክ ኔትወርክ የሚገባው በሩ አጠገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ ስልካቸውን ከበረኛው ወንበር አጠገብ በተሰቀለ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣሉ። መልእክት ሲመጣ በረኛው መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ያበራል፤ መኪናዎቹ ይቆማሉ፤ እሱም ጮክ ብሎ ያነባል። ሠራተኞቹ በረኛውን «ቀስ በሉ» ይሉታል። ደረጃው ስለሚያንሸራትት የሚወጣንም የሚወርድንም ይህን ሳይል አያሳልፍም። አንድ ጊዜ ሌባ የጨርቅ ጥቅል ታቅፎ ደረጃውን ሲወጣ ከኋላው እየሮጠ «ቀስ በል፣ ትወድቃለህ» ብሎታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ሰውየው እንዲህ ያለ ሰው ነው። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አስፈላጊ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ አዎ፣ አስፈላጊ ነው ብያለሁ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከምሳ በኋላ ወደ ስፌት ቤቱ ወርጄ ቁልፍ እተክላለሁ። በዚህ ሥራ ፈጣን አይደለሁም። ባለቤቴ በሠራተኞቹ ፊት «መምህር፣ ይሄ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ነው እንጂ የፈተና ጥያቄ አይደለም፤ አስበህ ስትጨርስ ንገረን» ትለኝ ነበር። ይህን የምገልጸው በዕለቱ በቦታው የተገኘሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው።

ስለ ስፌት ቤቱ አሠራርም ሁለት ነገር መግለጽ አለብኝ፤ ያለዚህ የሆነው ነገር አይገባም። የመጀመሪያው ተራ ነው። ለእያንዳንዱ ልብስ የሥራው ቅደም ተከተል በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛውን ሳይጨርስ ሦስተኛውን የጀመረ ሰው የሰፋውን ሁሉ ይፈታል፤ ልመናም የለም። ለምሳሌ ገበር ያለው ኮት የሚሰፋው ተገልብጦ ነው። ኮቱ ወደ ትክክለኛ ፊቱ የሚመለስበት ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ የሚዘጋው በመጨረሻ ነው። ቀድሞ ከተዘጋ ኮቱ እንደተገለበጠ ይቀራል። ባለቤቴ አዲስ ሠራተኛ ስትቀበል መጀመሪያ የምታስተምረው ይህን ነበር። በዚህም የተነሳ በዚያ ቤት ውስጥ በቁጥር ተራ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚሠራው በቁጥሩ ተራ ነው።

ሁለተኛው የክር ምልክት ነው። እያንዳንዱ ሰፊ ልብሱን ሲጨርስ በውስጥ ስፌቱ ላይ የራሱን ቀለም ክር ይቋጥራል። ስህተት ሲገኝ ክሩ ታይቶ የሰፋው ሰው ይጠራል። የባለቤቴ ክር ብርቱካናማ ነበር። ደንበኛ ያስመለሰው ልብስ ላይ ብርቱካናማ ክር ሲገኝ ሠራተኞቹ ዝም ይላሉ፤ እሷ ግን ራሷ ከፍ አድርጋ ታሳያቸውና «ይሄ የእኔ ነው፤ እኔ እፈታዋለሁ» ትላለች። የሷን ስህተት ሌላ ሰው እንዲፈታላት አንድም ቀን ፈቅዳ አታውቅም።

አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት መልእክት ያልመጣበት ቀን አልነበረም። አብዛኞቹ መልእክቶች ዝናብ ሊኖር እንደሚችል፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ላይኖር እንደሚችል፣ ነዋሪዎችም እንደ ሁኔታው ተገቢውን እንዲያደርጉ የሚገልጹ ነበሩ። በሰኞው መልእክት ላይ አንገት ሰፊዋ፣ ማለት የልብስ አንገት የምትሰፋው፣ በሠራተኞቹ መካከል በዕድሜ ትልቋ፣ «ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል ለማለት ከሆነ እኔንም ይቅጠሩኝ» ብላ አስቃናለች።

የማክሰኞው መልእክት ሲደርስ ውጭ ነፋሱ በርትቶ ነበር። በረኛው እንደ ልማዱ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራና አነበበ። መልእክቱ በእኔም ስልክ ስለሚገኝ ቃል በቃል አስመዘግባለሁ፦

«ኃይለኛ ነፋስና ድንገተኛ ጎርፍ ይጠበቃል። አንደኛ፣ በርና መስኮት ዘግተው፣ ከበርና ከመስኮት ርቀው፣ ተጨማሪ መመሪያ እስኪደርስዎ ድረስ በውስጠኛ ክፍል ይቆዩ። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ከቆጣሪው ያጥፉ። ሦስተኛ፣ በዝቅተኛ ስፍራ የሚገኙ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ ስፍራ ይውጡ።»

ኋላ ላይ ደጋግሜ ሳነበው አንደኛው መስመር ለነፋስ፣ ሦስተኛው ለጎርፍ የተጻፈ መሆኑን ተረድቻለሁ። ሁለት የተለያዩ ምክሮች በአንድ መልእክት ውስጥ ተደርድረው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በዚያች ሰዓት ግን ይህን ከመካከላችን ያየ ሰው የለም። በፊታችን የነበረው ከአንድ እስከ ሦስት የተጻፈ ትእዛዝ ነበር።

አንገት ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «እትዬ፣ መጀመሪያ ግቡ ይላል፣ መጨረሻ ውጡ ይላል። የቱን ነው የምናደርገው?» ብላ ጠየቀች።

ባለቤቴ ስልኩን ከበረኛው ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ከዚያ «ሁለቱንም። ግን በተራው ነው። ተጨማሪ መመሪያ ሲመጣ ወደ ሦስተኛው እንሄዳለን» አለች። ለበረኛውም «አንተ ቀስ በሉ፣ በሩን አውርደው። ከዚያ ቆጣሪውን አጥፋ» ብላ አዘዘችው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሩን ያወረደው ከታዘዘ በኋላ ነው። መብራቱን ያጠፋውም ከታዘዘ በኋላ ነው። በሩ በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማዞሪያው ስለነበረ ግን ማንም አልተጨነቀም።

በረኛው ግን አንድ ነገር ተናግሯል፤ በጥንቃቄ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። «እትዬ፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ ስልኮቹን ይዤ በሩ ጋ ልቁም። ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ተጨማሪው መልእክት ቢመጣ አይደርሰንም» ብሏል። እሷም «ከበር ይራቁ ነው እኮ የሚለው። አንተስ ሰው አይደለህም እንዴ? ና፣ ግባ» አለችው። ቅርጫቱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ተከተለን። እሱን ለማዳን ስትል መልእክቱ የሚገባበትን ብቸኛ ቦታ ባዶ አስቀረች። ይህን ስናገር እየወቀስኳት አይደለም።

በውስጠኛው ክፍል ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጥን። ብርሃን የነበረን ባለቤቴ መርፌ ስትጠፋባት የምትፈልግበት ትንሽ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ይጨዋወቱ ነበር። አንዷ ለባሏ ያስቀመጠችው ምሳ እንዳይበላሽ ስታስብ፣ ሌላዋ «ባልሽ እንደሆነ ብረትም አይተርፈው» ብላት ሳቁ። ቆየት ብሎ ከአዳራሹ በኩል እንደሚቀደድ ጨርቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። በረኛው የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ አየና «ውኃ ገብቷል» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወደ አዳራሹ ስንወጣ ውኃው ከብረት በሩ ሥርና ጎን እየተረጨ ይገባ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዱን አልፎ በደረጃው እየወረደ መሆኑ ነው። በረኛው ልማድ ሆኖበት የበሩን የኤሌክትሪክ ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነው። ቆጣሪው የተሰቀለበት ጥግ በውኃ ተይዞ ስለነበር ማንም ሊነካው አልደፈረም። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ በሩን አይታ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ክፍተት ሳንተው ዘጋነው» አለች። ሰፊዎቹ ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባቸው። 

በረኛው ማዞሪያውን ያዘ። ውኃው በሩን ስለገፋው ብረቱ እየተናከሰ አልነሣ ይል ነበር። እጁ ተልጦ እየደማ ደረት እስኪደርስ ድረስ ከፈተው። ውኃው በአንድ ጊዜ ገብቶ ወገባችን ደረሰ። ባለቤቴ በሩ ሥር ቆማ እያንዳንዱን ሰው በትከሻው ጎንበስ እያደረገች ታሳልፍ ነበር። አንገት ሰፊዋን የስልኩን ቅርጫት ከፍ አድርጋ እንድትይዝ ነግራ ቀድማ አወጣቻት። ሌሎቹ ተከተሉ። እኔ ከእሷ በፊት አልወጣም ብዬ ቆምኩ። ክንዴን ይዛ «ውጣ። እኔ ተራዬን አውቃለሁ» አለችኝ። ለእኔ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

እኔ ደረጃው ላይ ሳለሁ ከውስጥ የቀሩት እሷና በረኛው ናቸው። ማዞሪያውን አንዱ ካልያዘው ሌላው መውጣት አይችልም። አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ በሩን በትከሻው መደገፍ ነበረበት። «አንተ ትከሻ አለህ፤ ውጣና ያዝልኝ» ስትለው ሰምቻለሁ፤ እሱም «እርስዎ ይቅደሙ» ሲል ሰምቻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ተቆጥታ ስትናገረው ማዞሪያውን አስረክቧት ወጣ። ወዲያው ተመልሶ ጀርባውን ከበሩ ሥር አስገብቶ ደገፈ። እኔም ሁለተኛውን ጫፍ ያዝኩ። በዚህ ጊዜ ከመንገዱ በኩል ጎርፉ ያመጣው ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ በደረጃው ወርዶ መታን። እኔን ወደ ጎን ወረወረኝ። በረኛው ግን በሩን አልለቀቀም። የቀኝ እጁ አጥንት የተሰበረው በዚያን ጊዜ ነው፤ የሐኪም ወረቀቱ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል። በሩ እሱን ተጭኖ ወረደ። ከበሩ ሥር የባትሪዋ ብርሃን በደፈረሰው ውኃ ውስጥ ይታየን ነበር። ከዚያ አልታየም። ከላይ የመጡ ሰዎች እኛን ጎትተው ሲያወጡን በረኛው «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይዤዋለሁ» እያለ ይጮህ ነበር። በሩን ግን ያን ጊዜ አልያዘውም፤ እጁ አየር ላይ ነበር።

መንገዱ ላይ እንደደረስን አንገት ሰፊዋ የያዘችው ቅርጫት ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። መልእክቱ እኛ ውስጠኛው ክፍል ሳለን የተላከ ነበር። «ተጨማሪ መመሪያ፦ በምድር ቤት የምትገኙ በሙሉ አሁኑኑ ውጡ። በር አትዝጉ» ይላል። የባለቤቴም ስልክ ከሌሎቹ ጋር ጮኸ። አንገት ሰፊዋ የሷን ለይታ አውጥታ ሰጠችኝ። አሁንም በኪሴ አለ፤ ለማስረጃነት ከተፈለገ አስረክባለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ግን እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

በለቅሶው ሰሞን የበረኛው ሚስት በየቀኑ ቤቴ መጥታ ዕቃ ታጥብ ነበር። ስለ ባሏ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እጁን ታሞ ቤት የተኛ መስሎኝ «ተሻለው ወይ?» ስላት «ደህና ነው ጋሼ» ትለኛለች። መታሰሩን የነገረችኝ አንገት ሰፊዋ ናት። በሩን የዘጋሁትም መብራቱን ያጠፋሁትም እኔው በራሴ ነኝ ብሎ ቃል መስጠቱንም የሰማሁት ከእሷ ነው።

ትናንት ጣቢያው ፈቅዶልኝ አነጋግሬዋለሁ። እጁ በጄሶ ታስሯል። ለምን እንዲህ አልክ ብዬ ጠየቅኩት።  «ጋሼ፣ ተነሥተው ቆመዋል፤ ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ «የእሳቸው ስም በዚህ ነገር እንዲነሳ አልፈለግሁም። ሰው ሠራተኞቿን ቆልፋ ልትጨርሳቸው ነበር ሊል ነው። እሳቸው መጥተው መልስ አይሰጡ። እኔ መስጠት እችላለሁ» አለ። እኔም «የሷን ስፌት በአንተ ክር ልትቋጥር ነው?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ የጄሶውን ጠርዝ ይነካካ ጀመር። 

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እሱ ይህን ያደረገው ለባለቤቴ ክብር ብሎ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ዝም ብል ስሟ ሳይነሳ ይቀር ነበር። ነገር ግን ከእሷ ጋር ኖሬያለሁ። ይህን ብታይ ኖሮ ክሩን ከፍ አድርጋ «ይሄ የእኔ ነው» እንደምትል ከማንም በላይ አውቃለሁ። ዛሬ እሷ ስለማትችል እኔ ብዬላታለሁ።

መርማሪው ታዲያ ጥፋቱ የሟች ነው እያሉ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም ብያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና አውጥቻለሁ። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ እርስ በርሱ የሚጣላ ትእዛዝ ሲገኝ ጥያቄው ይሰረዛል እንጂ ታዞ የሠራው ተማሪ አይወድቅም። «ይውጡ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው መስመር ላይ ቢጻፍ ኖሮ ባለቤቴ ሁላችንንም በተራ አሰልፋ ታወጣን ነበር። በሩ ክፍት፣ መብራቱም የበራ ነበር። በተራ መሥራት የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ተራውን የሰጧት ግን ሌሎች ናቸው።

ይህ ቃል በመርማሪው ከተጻፈ በኋላ ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስት ቦታ ላይ አርሜያለሁ፤ እርማቶቹ አጠገብ ፈርሜያለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ በግምት የጨመርኩት የለም። በፍርድ ቤትም ተጠርቼ ይህንኑ እደግመዋለሁ።

ከዚህ በመነሳት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በረኛው እንዲለቀቅ። ሁለተኛ፣ የቃሌ ግልባጭ መልእክቱን ለሚጽፈው መሥሪያ ቤት ተልኮ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበትን በመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲጽፉ። እነዚህን ቁጥር የሰጠኋቸው በተራ እንዲሠሩ አይደለም፤ ሁለቱም ዛሬውኑ ይጀመሩ። ዝናቡ ገና አላቆመም፤ በመንገዳችንም በምድር ቤት የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች አሉ። እባካችሁ፣ ከቀጣዩ መልእክት በፊት መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ። ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል